ሦስት ጊዜ በመስኮቱ ፊት

ልዑል ኢላሪዮን ሳቪች ቬልስኪ ምሳ የሚበሉት በመንገዱ በኩል ባለው ትልቁ መስኮት አጠገብ ነበር። የሚበሉት ስል እንዲያው ለአነጋገር ነው። እውነተኛውን ምሳ፣ ማለትም አንድ ሳህን ገንፎ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ከምድጃው ጀርባ ቆመው ይውጡታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ናፕኪን አንገታቸው ላይ አስረው መስኮቱ ዘንድ ይቀመጣሉ፤ የእኔ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። የብሩን ሳህን ከነክዳኑ ከፍ አድርጌ ይዤ በመስኮቱ ፊት በቀስታ አልፋለሁ። ይኼ ሾርባው ነው። ሳህኑ ውስጥ ግን ምንም የለም። ከዚያ ሳህኑን በአንድ እጄ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ የመንገዱ ሰው እንዳያየኝ ከመስኮቱ ደፍ ሥር በጉልበቴ እየዳህኩ ወደ ወጥ ቤት እመለሳለሁ። ተነስቼ፣ አቧራዬን አራግፌ፣ እንደገና በክብር አልፋለሁ። ይኼ ዓሣው ነው። ደግሞ እድሃለሁ። ሦስተኛው ጥብስ ነው።

የነበረኝ ጓንት አንድ ብቻ ነው፤ የቀኝ። በመንገዱ በኩል የሚውለው ቀኝ እጄ ስለሆነ ይበቃ ነበር።

ከጥብሱ በኋላ ልዑሉ ስንጥር አውጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚፈልጉ እግዚአብሔር ይወቅ። ማዶ የምትኖረው የፍርድ ቤት ጸሐፊው ሚስት ግን ከመጋረጃዋ ኋላ ሆና በየቀኑ ትቆጥር ነበር። "ቬልስኪዎች ዛሬም ሦስት ዓይነት በሉ" ትላለች አሉ። ለእሳቸው ይኼ ወሬ ከጥብስ ይጥም ነበር።

"እሳቸው" የምለው አፌ ለምዶ ነው። የት ቦታ ላይ እንደሚለቀኝ ትደርሱበታላችሁ።

ስሜ ዬቭሴይ ትሮፊሚች ነው። የቬልስኪዎች አሽከር ልጅ ሆኜ ተወለድኩ፤ ንብረት ሲካፈሉ ለልዑሉ እህት ለልዕልት ቫርቫራ ደረስኩ፤ እሳቸው ደግሞ ለወንድማቸው አዋሱኝ። ልዕልት ቫርቫራ በሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ አራት ሲሞቱ ልዑሉ ጠርተው "አሁን የእኔ ነህ፣ ተናዝዛልኛለች" አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። መሬቱም፣ መንደሩም፣ ሰዉም በአባታቸው ቁማርና በእሳቸው ጉራ ከእጃቸው ወጥቶ ነበርና በስማቸው የቀረው አንድ ነፍስ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቤታቸው ሞስኮ ውስጥ፣ ከአርባት ገባ ብሎ ነው። ከፊቱ አራት ዓምድ ይታያል፤ እውነተኛ ዓምድ የሆኑት ግን ሦስቱ ናቸው። አራተኛው በስብሶ ሲወድቅ በቦታው በርሜል በበርሜል ላይ ደርድሬ ኖራ ቀብቼዋለሁ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት እኮ ይኼ ነው።

መስኮቱ አንድ ነገር ነው። ካርዱ ደግሞ ሌላ።

በአዲስ ዓመትና በፋሲካ የሞስኮ ጨዋ ሁሉ ቤት ለቤት ዞሮ "እንኳን አደረሳችሁ" ይላል፤ ባለቤቱ ከሌለ የስም ካርድ ትቶ ይሄዳል። ራሱ መጥቶ ከሆነ የካርዱን ጥግ ያጥፋል። አሽከር ልኮ ከሆነ አያጥፍም። ልዑሉ ሠረገላ የላቸውም፤ በእግራቸው ሲሄዱ ከሚታዩ ደግሞ ሞት ይሻላቸዋል። ስለዚህ እኔ አርባ ቤት በእግሬ እዞርና በየበሩ ላይ ጥጉን ራሴ አጥፌ እሰጣለሁ። ካርዶቹንም የምጽፋቸው እኔ ነበርኩ፤ ማተሚያ ቤት የወጡ እስኪመስሉ ድረስ ፊደሉን በላባ ብዕር እስላለሁ። አልዋሽም፣ እኮራበት ነበር። ጌቶቹ አያውቁም፤ በረኞቹ ግን ሁሉም ያውቃሉ። የጄኔራሉ ሚስት የራኢሳ ፓቭሎቭና በረኛ ናዛር ገና ከሩቅ ሲያየኝ ይጀምረኛል።

"ዬቭሴይ ትሮፊሚች! ጌታህ ዛሬ በስንት ፈረስ መጡ?"

"በሁለት።"

"የቀኙ ያነክሳል መሰለኝ።"

"ጫማው ተቀዶበት ነው።"

ይስቃል፣ ትንሽ ቮድካ ያቀምሰኛል፣ ካርዱን ከነእጥፋቱ ተቀብሎ የብር ሳህን ላይ ያስቀምጠዋል። አንዴም አሳልፎ አልሰጠኝም። በረኛና በረኛ፣ አሽከርና አሽከር የራሱ ሃይማኖት አለው።

ይህን ሁሉ የምሠራው ለአንድ ነገር ብዬ ነበር፤ ከጌታ ንብረትነት ለሚያወጣኝ የአርነት ወረቀቴ።

ከወንዙ ማዶ የማር ዳቦ የሚጋግር ሰው ልጅ ነበረች፤ ኡስቲንያ ትባላለች። ነጻ ናት፣ የከተማ ሰው። ዳቦ ልገዛ ሄጄ ነው የተዋወቅኳት፤ ከዚያ በኋላ ዳቦ ሳያምረኝም መሄድ ጀመርኩ። ሽማግሌ መላክ ብፈልግ ራሷ ቁርጡን ነገረችኝ።

"አርነትህን ይዘህ ና፣ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን" አለች። "ባሌ በሰው ስም ተጽፎ፣ ነገ ለማን እንደሚሰጥ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

እውነቷን ነበር። ልዕልት ቫርቫራ ከሞቱ በኋላ ልዑሉ እግር ላይ ወደቅሁ። "ለፋሲካ ይሁን፣ ዬቭሴይካ" አሉኝ። ፋሲካ መጣ። "ዘንድሮ ጉዳዬ አልተቃናም፣ ለከርሞ ፋሲካ" አሉኝ። ኡስቲንያ አራት ፋሲካ ጠበቀችኝ። በአራተኛው አለቀሰች፤ ከዚያ አንድ የኮስትሮማ ገመድ ሠሪ አግብታ ሄደች። አልወቀስኳትም። ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ እኔው ነኝ ያስጠበቅኳት።

ከዚያም በኋላ ወረቀቱን ከመለመን አላረፍኩም። ልዑሉ እያረጁ መጥተዋል፤ ሳይጽፉልኝ ቢሞቱ የምደርሰው ካሉጋ ላለው ሻለቃ ዘመዳቸው ነው። እሱ ደግሞ አሽከሮቹን በገዛ እጁ እንደሚገርፍ አገር ያውቃል። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምፈልገው በራሴ ስም መሞት ብቻ ነበር።

በሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ አንድ መኸር አንድ ሠዓሊ ፎቁ ላይ ያለውን ክፍል ተከራየ፤ ፖርፊሪ ዳኒሎቪች ቴርኒን። ልዑሉ ለሰው "እንግዳዬ ነው" ይላሉ። የዲያቆን ልጅ ነው፣ ወጣት፣ ሳቂታ። ወጥ ቤት ወርዶ ከእኔ ጋር ድንች ይልጣል፣ የጎመን ሾርባዬን ይካፈለኛል፣ "ትሮፊሚች" ብሎ በአባቴ ስም ያከብረኛል። ቤት ውስጥ ሰው የሚያናግረኝ ካገኘሁ ስንት ዓመት ሆኖኝ ነበር! ወደድኩት። እንደ ልጄ ወደድኩት።

አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙቅ ውኃ ሊወስድ ወረደና ከመስኮቱ ሥር ስድህ አገኘኝ።

"ምን ጠፋብህ፣ ትሮፊሚች?"

"ቁልፍ። ከኮቴ ተበጥሶ።"

በማግስቱም በዚያው ሰዓት ወረደ።

"ቁልፉ እስካሁን አልተገኘም?"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የዚያን ቀን ወጥ ቤት ተቀምጠን ሁሉን ነገርኩት፤ ሳህኑን፣ ጓንቱን፣ በርሜሉን፣ ካርዱን። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ። ከዚያ ስለ ኡስቲንያ ስነግረው ሳቁን አቆመና እጄን ያዘኝ።

"ይህን መስኮት እስለዋለሁ" አለ።

"አበድክ እንዴ? ጌታዬን?"

"ፊታቸውን አልነካም። ወፍራም፣ ቀይ፣ ባለ ሪዝ ሰው አደርጋቸዋለሁ። እናታቸው ብትነሳ አትለያቸውም። በመስቀሉ እምልልሃለሁ!"

"እኔስ?"

"አንተንማ ማን ያውቅሃል?" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ ከልቡ ነው። "ስማኝ፣ ትሮፊሚች። ሥዕሉ ትርኢት ላይ ቀርቦ ከተወደደ ሰው ሁሉ ይከበኛል። ያን ጊዜ ልዑሉን በሰው ፊት ስለ ወረቀትህ እጠይቅልሃለሁ። በሰው ፊት እምቢ ይላሉ?"

አይሉም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳገለግላቸው በሰው ፊት እምቢ ያሉበትን ቀን አላስታውስም። ብቻችንን ስንሆን ነው ፋሲካ የሚሸሸው። ስለዚህ እሺ አልኩት። ልዑሉ ከሰዓት በኋላ ሲያሸልቡ ፎቅ እየወጣሁ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ሳህን አቅፌ ተሳልኩለት። ሦስት ሳምንት። ጉልበቴ ያበጠው በዚያ ነው። ሸራውን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳየኝም፤ "አልቆ ታየዋለህ" ይለኛል።

ፋሲካ መጣ። አርባ ካርድ ጻፍኩ፣ አርባ ጥግ አጠፍኩ። ወረቀቴን ጠየቅኩ። "ለከርሞ፣ ዬቭሴይካ" አሉኝ። ግድ የለም አልኩ በልቤ፤ የዘንድሮው ከርሞ ሩቅ አይደለም።

የሥዕል ትርኢቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ተከፈተ። ልዑሉ "የእንግዳዬን ሥዕል ልይ" ብለው ሠረገላ ተከራዩ፤ እኔ ካፖርታቸውን ይዤ ተከተልኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጌቶቹ መሃል፣ ካፖርት ያቀፍን አሽከሮችና በረኞች ደግሞ ግድግዳውን ተጠግተን ቆመናል። አንድ ሥዕል ፊት ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። ከሥሩ "ሦስተኛው ጥብስ" የሚል ተጽፏል።

ተጠግቼ አየሁት። መስኮቱ መስኮታችን ነው። ናፕኪን ያሰረው ወፍራም ጌታ ስንጥሩን አፉ ውስጥ ከትቶ ወደ መንገዱ ይመለከታል፤ ፖርፊሪ ቃሉን ጠብቋል፣ ልዑሉን በምንም አይመስልም። ከመስኮቱ ሥር የሚድሀው ግን እኔ ነኝ። የግንባሬ መስመር ሳይቀር፣ የጆሮዬ ጠባሳ ሳይቀር እኔ ነኝ። የሳህኑ ክዳን ገደድ ብሎ ባዶነቱ ይታያል። እኔም ወደሚያየኝ ሰው ዞሬ ፈገግ ብያለሁ፤ "የጌታዬን ጉድ እዩልኝ" የሚል ፈገግታ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እዚያ መስኮት ሥር አንድ ቀን ፈገግ ብዬ አላውቅም። ጉልበቴን፣ ፊቴን፣ ታሪኬን ሰጠሁት፤ እሱ ደግሞ የሌለኝን ሳቅ ጨመረብኝ።

ልዑሉ ሳህኑን ሲያዩ አንዴ ደንገጥ አሉ። ከዚያ ወፍራሙን ፊት አዩና ነፍሳቸው ተመለሰች፤ ከሰው ሁሉ በላይ ጮክ ብለው ሳቁ። ማሽላ እያረረ ይስቃል።

"እንዲህ ያሉም አሉ!" አሉ አጠገባቸው ለቆሙት ለራኢሳ ፓቭሎቭና።

"እርስዎ የሚያውቁት ሰው ይሆን፣ ልዑል?"

"በእኛ መካከል? እግዜር ያውጣን፣ እመቤቴ! ይኼ አዲስ ሀብታም ነው። የድሮ ሰው ቢርበውም ሾርባውን ቀና ብሎ ይጠጣል።"

ይኼኔ የእመቤቲቱን የጠጉር ካባ ያቀፈው ናዛር ከግድግዳው ተላቆ መጣ። ሥዕሉን አየ። ፊቱ በደስታ በራ።

"ውይ! ይኼማ ዬቭሴይ ትሮፊሚች ነው!" አለ። "ያገሬ ሰው፣ ኑ እዩት! ራሱን አይመስልም?"

"የትኛው ዬቭሴይ?" አሉ ራኢሳ ፓቭሎቭና።

"የልዑል ቬልስኪ ነዋ፣ እመቤቴ! ካርድ የሚያመጣልን። ባለፈው እንኳ ለፋሲካ በእግሩ መጥቶ…"

አፉን በካባው ያዘ። አስቦ አልነበረም፣ ምስኪን። ጓደኛው በወርቅ ክፈፍ ውስጥ ተሰቅሎ ሲያይ ክብር መሰለው። ፖርፊሪ "አንተንማ ማን ያውቅሃል" ሲለኝ የረሳው ይህን ነበር። የጌቶቹን ፊት የሚያውቀው ጌታ ነው። እኔን ግን በዓመት ሁለት ጊዜ አርባ በር ከፍቶ የሚያየኝ የሞስኮ በረኛ ሁሉ ያውቀኛል።

ራኢሳ ፓቭሎቭና ቀስ ብለው ዞሩ።

"ልዑል፣ ለፋሲካ የመጡት ራስዎ አልነበሩም እንዴ? ጥጉ ታጥፎ ነበር እኮ።"

ልዑሉ ባርኔጣቸውን ደፉ። ግድግዳው ሥር "አዎ፣ ዬቭሴይ ነው! እኛም ጋ ይመጣል!" የሚል ሹክሹክታ ከበረኛ ወደ በረኛ ዞረ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ በአንድ ጊዜ ስለ ሳህኑም ስለ ካርዱም። ልዑሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሥዕሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግሞ ሥዕሉን አዩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳገለግላቸው ፊቴን አተኩረው ያዩኝ የዚያን ቀን ነው፤ ያውም ለማመሳከር።

እኔ ፖርፊሪን ፈለግኩ። ሰው ከብቦታል። አሁን ነው፣ በሰው ፊት የሚባለው ይኸውና! ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ለመናገር አፉን ሊከፍት ያለ መሰለኝ። አንድ የወርቅ ሰንሰለት ያንጠለጠለ ነጋዴ ትከሻውን መታ ሲያደርገው ጀርባውን ሰጠኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ቤት ስንደርስ ሻንጣውን ተሸካሚ ልኮ አስወስዷል፤ ሥዕሉን ነጋዴው ገዝቶት እሱም በዚያው ፒተርስበርግ ገባ አሉ። አንድ ቃል አልተወልኝም።

ልዑሉ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ሳሎኑ መሃል ቆሙ።

"ሸጥከኝ" አሉ።

"አልሸጥኩም፣ ክቡርነትዎ። ተናገርኩ እንጂ።"

"ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!"

"በበላበት ነው፣ ክቡርነትዎ።"

እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። እሳቸውም ሰምተው አያውቁምና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

"ምን አደረግኩህ? አንተን? ከሁሉ የቀረኸኝን?"

"ስለ ወረቀቴ ነው። ሠዓሊው በሰው ፊት ሊለምንልኝ ቃል ገብቶ ነበር። ጥፋቴን አልክድም፤ ይቅር ይበሉኝ። ግን አሥራ ስምንት ፋሲካ ለመንኩዎት።"

እዚህ ላይ ሳቁ። ደረቅ ሳቅ ነው። አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ አውጥተው የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈቱ፣ ከደብዳቤዎች ሥር አንድ ብጫ ወረቀት መዝዘው እግሬ ሥር ወረወሩት።

"ውሰድ! ወረቀት አይደል የምትፈልገው? ሂድና ነጻ ሁን! እንዳንተ ያለ ከሐዲ የቬልስኪ ሰው ተብሎ አይጠራም!"

አነሳሁት። የፍርድ ቤት ማኅተም አለበት። ጽሕፈቱ ግን የልዑሉ አይደለም። "እኔ ልዕልት ቫርቫራ ሳቪሽና ቬልስካያ" ይላል፣ "አሽከሬን ዬቭሴይ ትሮፊሞቭን፣ በቅንነት ስላገለገለና ያሰበውን ትዳር ይመሠርት ዘንድ፣ ለዘላለም አርነት አውጥቼዋለሁ።" ቀኑ መጋቢት፣ ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ አራት። ስለ ኡስቲንያ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ለልዕልቲቱ ሻይ ሳቀርብ አጫውቻቸው ነበር። አልረሱልኝም።

ደጋግሜ አነበብኩት። የኡስቲንያ አራት ዓመታት፣ ለቅሶዋ፣ የኮስትሮማው ገመድ ሠሪ፤ ያ ሁሉ ሲሆን ወረቀቱ እዚህ መሳቢያ ውስጥ፣ እኔ በየጠዋቱ አቧራውን በማራግፈው ጠረጴዛ ውስጥ ነበር። የጠበቀችው ነጻ ሰው ነበር። እግሩ ላይ የወደቅሁበት ሰው ጌታዬ አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኼ ሰው ግን ሞኝ አልነበረም፣ ወረቀቱን ይዞ እኔን ያዘበት። ከዚህ ወዲያ "እሳቸው" ማለት አልሆነልኝም።

"ለምን?" አልኩት።

"ምን ይቅረኝ?" አለ። ድምፁ ሳይቀር ተለወጠ፤ የሽማግሌ ድምፅ ሆነ። "መሬቱ ሄደ። መንደሩ ሄደ። አንድ ሰው እንኳ የሌለው ልዑል ምን ይባላል? ሰው 'የማን ነህ' ሲልህ 'የልዑል ቬልስኪ' ስትል፣ ያን ጊዜ ነበር እኔም መኖሬ የሚታወቀኝ።"

"እሷስ?"

"ማን?"

"ኡስቲንያ።"

ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። በእውነት ረስቷታል።

"እህ… ያቺ ዳቦ ሻጯ? ደግ አደረግኩልህ እንጂ! የቬልስኪ ቤት አሽከር ዳቦ ሻጭ ያገባል?"

ሰዓቱን አየ። ከዚያ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ናፕኪኑን አንስቶ አንገቱ ላይ ማሰር ጀመረ።

"ዘጠኝ ሊሆን ነው" አለ። "ዛሬ ሁሉም ሊያይ ይመጣል። ዛሬ ከቀረን ሐሜቱ እውነት ነው ይላሉ። ዬቭሴይካ፣ ሳህኑን።"

በመስኮቱ አየሁ። እውነትም መንገዱ ላይ ሰው ቆሟል፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። የጸሐፊው ሚስት ዛሬ መጋረጃ አላስፈለጋትም፣ መስኮቷን ከፍታ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። ወጥ ቤት ገባሁ፣ ጓንቱን አጠለቅኩ፣ ሳህኑን ከነክዳኑ ያዝኩ። ለመጨረሻ ጊዜ በመስኮቱ ፊት በክብር አለፍኩ። ሾርባ።

ጫፍ ስደርስ ግን አልተንበረከክሁም። ቀጥ ብዬ ዞርኩ፣ ቀጥ ብዬ በመጣሁበት ተመለስኩ።

"ዝቅ በል!" አለ ልዑሉ። ለመንገዱ እየሳቀ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። "ዬቭሴይካ፣ ዝቅ በል፣ እያዩህ ነው!"

ዓሣውን ይዤ አለፍኩ። ቆሜ ተመለስኩ። ከውጭ ሳቅ ተሰማ። ጥብሱን ይዤ ስመጣ መስኮቱ ፊት ቆምኩና ክዳኑን አንስቼ፣ ባዶው ሳህን ለሁሉም እንዲታይ ደፉ ላይ አቆምኩት። ጓንቱን አውልቄ ከአጠገቡ አኖርኩ። ልዑሉ ስንጥሩን እንደያዘ ነበር። አዘንኩለት ብል ውሸት ነው፤ አላዘንኩለትም ብልም ውሸት ነው። በዋናው በር፣ በበርሜሎቹ አጠገብ ወጣሁ።

በሰኔ ኮስትሮማ ደረስኩ፤ ያው በሁለት እግሬ ነው። የገመድ ሠሪውን ቤት ማንም ያሳያል፤ ወንዙ ዳር ነው፣ ቃጫ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ወፍራለች። አሮጌ የአሽከር ኮቴን አይታ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

"የማን ነህ?"

"የማንም" አልኩ።

በድምፄ ለየችኝ። እጄን ጎትታ አስገባችኝ። ባሏ እጁን እየጠረገ መጥቶ ሰላም አለኝ፤ ዓይነ ቸር ሰው ነው፣ "ስላንተ ስታወራ ሰምቻለሁ" ብሎ ሳቀና ሥራው ላይ ተመለሰ። የማር ዳቦ ቆርሳ ፊቴ አኖረች። እንደ ድሮው ነው የሚጋገረው።

"መቼ አወጡህ?"

መንገዱን ሁሉ ይህን ጥያቄ ስፈራ ነበር የመጣሁት። እውነቱን ልነግራት ነበር የመጣሁት። አንድ ሌላ ሰው እንኳ ይወቅልኝ፣ አብሮኝ ይናደድልኝ ብዬ ነበር።

"ዘንድሮ" አልኩ። "ለፋሲካ።"

በጣቷ ቆጠረች።

"አሥራ ስምንት ዓመት!" አለች። "አየህ አይደል? እኔ እኮ ስንት ዓመት ራሴን ስበላ ኖርኩ፣ ትንሽ ብታገስ ኖሮስ እያልኩ። እንኳንም አልጠበቅኩህ፣ ዬቭሴይ። አትቀየመኝ እንጂ፣ እንኳንም።"

"እንኳንም" አልኳት።

"እስቲ ወረቀቱን አሳየኝ።"

ማንበብ አትችልም። ከደረቴ አውጥቼ ሰጠኋት። ገለበጠችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

"ምነው እንዲህ አረጀ?"

"መንገድ ላይ ዝናብ አገኘኝ።"

በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችልኝ።

"በደንብ ያዘው" አለች። "ስንት ዓመት የለፋህበት ነው።"